አልጠልል ያለው ውሃ

ሻንጣዬን የዘጋሁ ዕለት ማታ፣ ከስንት ቀን በኋላ ቧንቧችን ውሃ ለቀቀ። ከተማችን ጭሮ ላይ ዝናብ ጥሎ ስለነበር የመጣው ድፍርስ ነው። ሊሸኘኝ የመጣው ሰው ቤቱን ሞልቶት እያለ የእናቴ ዓይን ከበርሜሉ አልነቀል አለ። አንዱ ጆግ ይዞ በቀረበ ቁጥር «አትንኩት፣ ይጥለል» ትላለች። እኛ ቤት ውሃ አይቸኮልበትም። ተቀድቶ ያድራል፣ ጠዋት ላይ ላዩ በቀስታ ይጨለፋል፣ ዝቃጩ ለጓሮ ይሆናል። የጭሮ ሰው ይህን ሲያነብ ይስቅ ይሆናል፤ ማን ቤት ነው ያልተደረገው?

ጎረቤታችን አዴ ሀሊማ በር ላይ አቅፈውኝ «ነጋን ገሊ» አሉኝ፤ በሰላም ግቢ ማለታቸው ነው። እናቴ ንጋት ላይ አውቶቡስ ልሳፈር ስል የጠለለውን ጨልፋ በላስቲክ ጠርሙስ ሰጠችኝ።

እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነበርኩ። ኦማን የሄድኩት በነዳጅ ጉድጓዶች አጠገብ ባለ ላብራቶሪ ልሠራ ነው። የሙከራ ጊዜዬን ካለፍኩ ቋሚ እሆናለሁ፤ ካላለፍኩ ወደ ቤት። ሰፈሩ ሁሉ ስላወቀው ወድቆ መመለስ ማለት ለእኔ ገበያ መሃል አንገት ደፍቶ መሄድ ነበር።

ኦማን ኤርፖርት ስደርስ መስኮት ውስጥ የተቀመጠው ሰው ፓስፖርቴን እንኳ ሳይገልጥ ጠየቀኝ።

«የማን ቤት ነው የምትገቢው?»

«የማንም ቤት አልገባም። የነዳጅ ጉድጓድ ነው የምሄደው።»

«ጉድጓድ ውስጥ ምን ታጸጃለሽ?»

«ውሃውን።»

ትንሽ አሰበና «እንግዲያው ጽዳት ነው» ብሎ ማኅተሙን መታ። ከኋላዬ የቆመችው የእኛው አገር የመቻራ ልጅ፣ ሰው ቤት ልትሠራ የመጣች፣ በሻርፗ አፏን ሸፍና ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። በሁለታችን ፊት ጽዳትን እንደ ስድብ አድርጎ መናገሩ ግን እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

በረሃው ሌላ ዓለም ነው። ጭሮ በክረምት ጋቢ ያስደርባል፤ እዚህ በር ሲከፈት ፊት የሚመታው ሙቀት ቆላውን ቦርደዴን እንኳ ያስናፍቃል። ምግቡ ዛሬ ሩዝ ነው፣ ነገም ሩዝ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ጉድጓዶቹ አርጅተዋል፤ የቀረው ዘይት ድንጋዩ ላይ ተጣብቆ አልወጣም ይላል። ስለዚህ ውሃ ላይ ፖሊመር የሚባል የሚያወፍር ነገርና እንደ ሳሙና ያለ ኬሚካል ጨምረው ወደ መሬት ይገፉታል። ዘይቱ ይወጣል፣ ውሃውም አብሮ ይወጣል፣ ግን ተቃቅፈው። ሳሙናው እያንዳንዷን የዘይት ነጠብጣብ ስለሚሸፍናት ከጓደኛዋ ጋር አትገጥምም፤ ውሃው ወፍራም ስለሆነ ደግሞ ወደ ላይ አትንሳፈፍም። መልኩ ቁርጥ የእኛ ሆጃ ነው፣ ያው ወተት የገባበት የቡና ገለባ ሻይ። ዘይቱ ካልወጣለት ወደ ጉድጓድ መመለስ አይቻልም፣ ወደ ውጭም አይደፋም።

በመጀመሪያው ፈረቃዬ ሕንዱ አለቃዬ ሚስተር ናየር «ታንከሩ ደፍርሷል፣ ምን ይሻላል?» ሲለኝ አፌ ከእናቴ ቤት ያመጣውን ተናገረ።

«አትንኩት። ይደር፣ ይጠልላል።»

አደረ። ጠዋት ሁላችንም ወጥተን አየነው። ያው ሆጃ ነው። ደግሞም አደረ፣ ደግሞም ሆጃ። ታንከሩ ሞልቶ ፓምፑ ቆመ።

«መምህርት» አለኝ ሚስተር ናየር፣ «ይሄ ውሃ እኔ ጡረታ እስክወጣም አይጠልልም። ዘይትና ውሃን ገንዘብ ከፍለን አስታረቅናቸው፤ አንቺን ያመጣንሽ ደግሞ ከፍለን ልናጣላቸው ነው።»

ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ሚስ ቱሞሮው ሆነ፣ «ወይዘሪት ነገ» እንደ ማለት።

 እነሱ ዘይቱን ከውሃው የሚለይ ኬሚካል፣ መለያ የሚሉትን፣ ጨመሩ፤ ውሃው ትንሽ ጠለል አለ። ደስ ብሏቸው ሌላ ጨመሩ፤ ደፈረሰ። ሲደፈርስ አሁንም ጨመሩ። እኔ ከታንከሩ ቀድቼ ጠርሙሶች ደረደርኩና በአንዱ ጥቂት፣ በሌላው በዛ፣ በሌላው በጣም በዛ አድርጌ ጨመርኩ። የጠለለው ብዙ የገባበት አልነበረም። ነጠብጣቦቹ የሚገፋፉት ሁሉም አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስላላቸው ነው፤ መለያው ያንን ያጠፋዋል። ሲበዛ ግን የራሱን ቻርጅ ያለብሳቸውና መገፋፋቱ እንደ አዲስ ይጀምራል። ይህን ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዤ ስንቴ አስተምሬዋለሁ።

ጠርሙሶቹን ለሚስተር ናየር አሳየሁት። «ቀንሱት» አልኩ፣ «ከዚያ ጠብቁ።»

«ደግሞ ይደር ልትይኝ ነው?»

«አዎ። አሁን ግን በልኩ ተጨምሮበት ነው የሚያድረው።»

ጠርሙሶቹን እያነሳ ወደ መስኮቱ ብርሃን አየ። «ካልሆነስ?»

«ካልሆነ እኔን መልሱኝ።»

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ነበር፤ ለቀልድ አላልኩትም።

ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ወጣሁ። ዘይቱ እላይ ጥቁር ሆኖ ተኝቷል። ከሥር ካለው ቧንቧ በብርጭቆ ቀዳሁና ወደ ፀሐይ አነሳሁት፤ ጣቶቼ በውሃው ውስጥ ታዩኝ። ኮራሁ። አልደብቅም፣ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም። ሚስተር ናየር ብርጭቆውን ወስዶ ቢሮው መስኮት ላይ አስቀመጠው። አሁንም ሚስ ቱሞሮው ይለኛል፤ አሁን ግን ከወንበሩ ተነስቶ ነው የሚጠራኝ። ቋሚ መሆኔን ነግሮኝ እንደ ወጣሁ ወደ ቤት ደወልኩ።

«እማ፣ አለፍኩ።»

«ያ አልጠልል አለኝ ያልሽው ውሃ ጠለለ?»

«ጠለለ።»

እልል አለች። አዴ ሀሊማን በአጥር ስትጣራ ይሰማኛል፤ «ልጄ የነዳጅ ውሃ አጠለለች» እያለች፣ ሰፈሩ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ወደ ስልኩ ተመለሰች።

«ባታልፊ ኖሮ ትመጪ ነበር፣ አይደል?»

«አዎ፣ እማ።»

«ደግ ነው፣ እንኳን አለፍሽ» አለችኝ። «ትናንት ውሃ ለቆ ነበር። በርሜሉን ሞልቼ አሳደርኩት፣ ጥርት ብሏል። የሚቀዳለት ሰው ግን የለም።»