ዳማው የወደቀበት ለቅሶ

ዳማው ፈረሴ የሞተው ለቅሶ ላይ ነው፤ የሰው ለቅሶ ላይ።

በእኛ አገር፣ በወላይታ ጉኑኖ ዙሪያ፣ ትልቅ ሰው ሲሞት ፈረስ ያለው ሁሉ ፈረሱን ሸልሞ ይመጣል። ፈረሰኞቹ በለቅሶው ሜዳ ላይ እየጋለቡ ሟቹን ያወድሳሉ፣ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ያለቅሳሉ። የዚያን ዕለት የሞቱት ጎረቤታችን የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። አባቴ ካረፈ በኋላ በወንድማማች መካከል ነገር ሲነሳ የሚያስታርቁን እሳቸው ነበሩ። የምቀርበት ለቅሶ አልነበረም።

ዳማውን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። እናቱ ወልዳው ብዙም ሳትቆይ ስለሞተች በጠርሙስ የላም ወተት እያጠጣን ነው ያተረፍነው። ባለቤቴ «የልጆቻችንን ወተት ለፈረስ!» እያለች ትቆጣለች፤ እኔ ሥራ ስሄድ ግን የምታጠጣው እሷው ነበረች። ካደገ በኋላ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት የምሄደው በእሱ ሆነ። በመንገዳችን ላይ ሰላምታ የምሰጣቸውን ቤቶች ለይቶ ያውቃል፤ ብቸኩልም ደጃቸው ላይ ቆም ይልብኛል። ተማሪዎቹ የስኳር ድንች ሐረግ እያመጡ ያበሉት ነበር።

ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ ሜዳው ርሷል። ዳር ላይ ለቤት ምርጊት ጭቃ የወጣበት ጉድጓድ ነበር፤ ሣር በቅሎበት፣ ውሃ ሞልቶት፣ ለዓይን አይታይም። ሜዳውን ዞረን ስንመለስ የዳማው የፊት እግር እዚያ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ ሰማዩን አየሁ፤ ከዚያ ፊቴ ጭቃ ውስጥ ነበር። ለመነሳት ስሞክር ቀኝ ክንዴ አልታዘዝ አለኝ። ቀና ስል ዳማው ተነስቶ ቆሟል። ተመስገን አልኩ። ከዚያ እግሩን አየሁት። ከጉልበቱ በታች ተሰብሮ፣ ሰኮናው ወደ ጎን ዞሮ ተንጠልጥሏል። ወደ እኔ ሊራመድ ሞከረና ወደቀ።

የቀበሌያችን የከብት ሐኪም ከለቀስተኛው መካከል ስለነበር ሮጦ መጣ። ተንበርክኮ እግሩን በቀስታ ዳሰሰው።

«መምህር፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ይሄ አይድንም።»

«ጀሶ ቢደረግለትስ?»

«ፈረስ እኮ እንደ ሰው ተኝቶ አያገግምም። ልቁም ሲል ሌላውን ይሰብረዋል። አታሰቃየው።»

ታላቅ ወንድሜ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ገደሉ አፋፍ እንጎትተውና እንተወው። ሲመሽ ጅብ ይጨርሰዋል።»

በክፋት አልነበረም። ፈረስ ማረድ ነውር ስለሆነ የተሰበረ ፈረስ ዕጣው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

«ነፍሱ እያለች ነው ጋሼ የሚበላው?» አልኩት።

ሥርዓት ለማስከበር የቆመ አንድ ሚሊሻ ጠመንጃውን በትከሻው አንግቶ ያየናል። ለመንኩት። «ሊቀመንበሩ ሳይፈቅድ አልተኩስም» አለኝ። ሊቀመንበሩም እዚያው ለቅሶ ላይ ስለነበር ተጠርቶ መጣ። ፈረሱን አየ፣ ለሚሊሻው «ተኩስ» አለውና ፊቱን አዞረ።

ጋቢዬን በግራ እጄ አውልቄ የዳማውን ዓይኖች ሸፈንኩለት። ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አሳርፎ ያቃስታል። ትንፋሹ በጋቢው ውስጥ አልፎ መዳፌን ያሞቀዋል። አንገቱን እያሻሸሁ ሕፃን ሳለ የምለውን አልኩት፤ ምን እንደነበር እዚህ አልጽፈውም።

«መምህር፣ አሁን ዞር በል» አለኝ ሚሊሻው።

ዞር አልኩ።

ተኩሱ ሲሰማ ለቅሶው ቀጥ አለ። ከዚያ አንዲት ሴት ለሽማግሌው እንደገና ሙሾ ጀመረች፤ ሌሎቹም ተከተሏት።

ወንድሜ ዶማ ይዞ መጣ። ከሰዎች መሃል አንዱ «ደግሞ ፈረስ ይቀበራል እንዴ?» ብሎ ፈገግ ሲል፣ ወንድሜ ቀና ሳይል «ይሄ ይቀበራል» አለው። የዳማውን ጉድጓድ ሲቆፍሩ እኔ በአንድ እጄ ምንም መርዳት አልቻልኩም።

ወጌሻ የትከሻዬን አጥንት አሰረልኝ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች መጥተው ከሞት ስላተረፈኝ ጌታን አመሰገኑ፣ ለትከሻዬም ጸለዩ። ዳማውን ያነሳ አልነበረም። እኔም ላነሳው አፈርኩ። አጥር ለአጥር በምንገናኘው ቤት ለአባት እየተለቀሰ፣ እኔ በምን አፌ ፈረሴ ልበል? ተማሪዎቹ ነገሩን ሰምተውም ለጥቂት ጊዜ ሐረግ ማምጣታቸውን አልተዉም ነበር። እየተቀበልኩ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ እጥለዋለሁ። ቤት ስገባ ማንንም አላናግርም፤ ባለቤቴም ሳህኑን አስቀምጣልኝ ትወጣለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ የሟቹ ባለቤት በምርኩዝ ደገፍ እያሉ፣ ጥቁር እንደለበሱ፣ ቤቴ መጡ። ገና ሐዘን የተቀመጡ ሴት እንዲህ ከቤት ሲወጡ ማየት ያልተለመደ ነው። ደንግጬ ተነሳሁ።

«ተቀመጥ ልጄ» አሉኝ በወላይትኛ። «ለቅሶ ልደርስህ ነው የመጣሁት።»

«እማማ፣ እርስዎ ዘንድ መምጣት ያለብኝ እኔ ነኝ። የእኔ ምን ሐዘን ነው?»

«ባሌን ሊያከብር ሲሮጥ አይደል የሞተው? እኔ ዝም ብዬ ቤቴ ልቀመጥ?» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «እስቲ ስለ እሱ አውራኝ።»

ስለ ጠርሙሱ ወተት ጀመርኩ። ደጃፍ ለደጃፍ ስለመቆሙ ስነግራቸው አለቀስኩ። ሰው ሲያለቅስ «በቃ፣ በቃ» ማለት ወጋችን ነው። እሳቸው አላሉኝም። ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወስደው አብረውኝ አለቀሱ። ለማን እንዳለቀሱ አልጠየቅኋቸውም። ባለቤቴ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ እሷም ታለቅስ ነበር። እስከዚያ ቀን ሐዘኑ የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቀለለኝ ብል ውሸት ነው። ከባለቤቴ ጋር ስለ ዳማው ማውራት ጀመርን፤ ያ ብቻ ነው የተለወጠው። ወንድሜ ዲምቱ አካባቢ ጥሩ ውርንጭላ እንዳለ ሲነግረኝ ተወው አልኩት። ትምህርት ቤት በእግሬ እሄዳለሁ። ትከሻዬ ገጥሟል፤ ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዘኛል።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ሌላ ትልቅ ሰው ሞቶ ለቅሶ ሄድኩ፤ ከእግረኞቹ ጋር ቆምኩ። ፈረሰኞቹ ብቅ ሲሉ መሬቱ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው አጠገቤ የቆመውን የማላውቀውን ሰው ክንድ ጨብጬ ይዣለሁ። ሰውየው ዞር ብሎ አየኝ፤ ክንዱን ግን አልነጠቀኝም። ፈረሶቹ አልፈው እስኪያበቁ ድረስ እንደዚያው ቆምን።