ጉም የያዘው መስታወት

ልጄ የእህቷን ሰርግ ከኮምፒውተሯ አውጥታ በቴሌቪዥኑ ልታሳየኝ፣ ከኋላው ተጎንብሳ ገመድ ትሰካለች። ዘፈኑ ይሰማል፤ ምስሉ ግን የለም።

በደርግ ጊዜም ጎባ እኛ ቤት እንዲሁ ሆኖ ነበር። ልጃቸው ሙክታር ዘምቶ ወሬው የጠፋባቸው ጎረቤታችን አዴ ዘሃራ፣ ወታደሮቹ ሲሰለፉ በቴሌቪዥን ይታያሉ ሲባል ሰምተው መጡ። አባቴ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ያዞራል። የሰልፉ ዘፈን ጥርት ብሎ ይሰማል፤ የቴሌቪዥኑ መስታወት ግን ነጭ ብቻ ነው። አዴ ዘሃራ የጎባ ጉም መሰላቸው። እንደ መስኮት በሻሻቸው ጫፍ ይወለውሉት ጀመር።

"ሙክታር እኮ እዚህ ውስጥ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ጉሙ ነው የከለለብኝ።"

አባቴ ከላይ "መጣ?" እያለ ይጣራል።

"እማዬ፣ መጣ?" አለችኝ ልጄ ከቴሌቪዥኑ ኋላ። በነጠላዬ ጫፍ መስታወቱን እየወለወልኩ ነበር።