በር ላይ የሚቀመጡት አባ

ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ውስጥ ካቶሊኩን አባ የማያውቅ ሐበሻ አልነበረም። እኛ ኦርቶዶክሶቹ መስቀላቸውን አንሳለምም፤ ችግር ሲገጥመን ግን የምንጠራው እሳቸውን ነው። ከሻ የሚሉት አፈሳ መጥቶ፣ ፖሊስ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ሴቶች ከመንገድ እየለቀመ ሲወስድ፣ የኛ ማኅበር ተሰብስቦ ምን ይሻላል ሲባባል እሳቸው ረክሻ ባጃጅ ተሳፍረው ፖሊስ ጣቢያው በር ደርሰዋል። ከዚያ ችግራችን ሲያልፍ ደግሞ «ያ ካቶሊክ» እንላቸዋለን። እኔም እላቸው ነበር፤ አሁን ማንን እደብቃለሁ?

ሥራቸው በር ላይ መቀመጥ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ አርካዊት አንድ ሀብታም ቤት ስትሠራ አሠሪዋ ፓስፖርቷን ይዞ አልሰጥም አላት። አባ የላስቲክ ወንበር ይዘው ሄዱና ከሰውዬው ግቢ ፊት ለፊት፣ ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር ተቀመጡ። አልጮኹ፣ አልተሳደቡ። ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ጎረቤት ሲያልፍ ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ለምን እንደተቀመጡ ለጠየቃቸው ሁሉ በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛቸው ያስረዳሉ። በሦስተኛው ቀን ሰውዬው ጎረቤቱን አፍሮ ፓስፖርቱን በገዛ እጁ አምጥቶ ሰጣቸው። ጓደኛዬ ያን ቀን ስታለቅስ ዋለች።

«አንቺ፣ ለእኔ ብሎ በር ላይ የተቀመጠ ሰው ኖሮ ያውቃል?» አለችኝ።

ዓመት ሳይሞላ ኩላሊቷ ታመመ። ሆስፒታሉም ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም ብሎ ወደ ቤት መለሳት። እኔ በእግር መኪናዬ መጋረጃና የአልጋ ልብስ እየሰፋሁ፣ በዚያችው ክፍላችን አስታመምኳት። አንድ ጠዋት እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ።

«አባን ጥሪልኝ።»

«የኛን ቄስ ላምጣልሽ።»

«አይሆንም። ውስጤ የቆየ አንድ ነገር አለ። ለሳቸው ብቻ ነው የምነግራቸው። ሳልናገረው እንዳልሞት፣ በናትሽ።»

እሺ አልኳት። ከልቤ ነበር። ወዲያው ደወልኩላቸው፤ «ከሰዓት እመጣለሁ፣ ኢንሻላህ» አሉኝ። ነገሩን ያበላሸሁት ለማኅበራችን ሰብሳቢ ሄጄ ማውራቴ ነው። ምን አስለፈለፈኝ! ሴትዮዋ ፊታቸው ልውጥውጥ አለ።

«አብደሻል እንዴ? ለካቶሊክ ተናዝዛ ብትሞት ማን ይፈታታል? ማን ቆሞ ይቀብራታል? በሰው አገር እንደ ውሻ ልታስጥያት ነው?»

በሰው አገር ቀባሪ ማጣት ምን ያህል እንደሚያስፈራ የኖረበት ያውቀዋል። እኛ ለመኖር ካለን ፍርሃት ይልቅ ለመቀበር ያለን ፍርሃት ይብስብናል። አባን ምን ብዬ እንደምመልሳቸው እያሰብኩ ወደ ቤት ተመለስኩ።

አባ በሰዓታቸው መጡ። በሩን ገርበብ አድርጌ ብቅ አልኩና «ተኝታለች፣ አባ» አልኳቸው በሹክሹክታ። ዓይኗ በሩ ላይ ተተክሎ ነበር ትቻት የወጣሁት።

«ግድ የለም፣ እስክትነቃ እጠብቃታለሁ» ብለው እሳቸውም በሹክሹክታ መለሱልኝና ደጃፋችን ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጡ።

እንዲህ እንደሚሉ እንዴት ጠፋኝ? እሳቸውን እኮ በር ላይ ተቀምጠው አሸንፎ የመለሳቸው ሰው የለም። ገብቼ በሩን ዘጋሁት። አባ ሳል አለባቸው፤ ድምፃቸውን ትለየዋለች ብዬ ተርበተበትኩ። የምሠራው ቢጠፋኝ ሳላቸውን እንዲውጥልኝ ብዬ ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩና መርገጥ ጀመርኩ። ክር አልነበረውም፣ ጨርቅም አልነበረውም፤ ባዶውን ነው የምረግጠው። ካህራባው፣ መብራቱ ጠፍቶ፣ ማራገቢያው ቆሞ፣ ክፍሉ እንደ ምድጃ ይጋረፋል። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፤ እኔ እረግጣለሁ። እግሬ ሲዝል ለአፍታ አቆምኩ።

«መጡ?» አለችኝ።

«አልመጡም።»

«ይመጣሉ። እሳቸው አይቀሩም።»

እንደገና ረገጥኩ። እንደገና አረፍኩ። እንደገና ጠየቀችኝ፤ እንደገና አልመጡም አልኳት። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል በሩን ከፍቼ ባይ አባ ሄደዋል። እፎይ ማለቴን አልክድም። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሞተች።

ቀብሯ አማረ። ፍትሐቱ ደረሰላት፤ ማኅበሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሰብሳቢያችን አቅፈውኝ «በወግ በማዕረግ ሸኘሻት» አሉኝ። አባ ከመቃብሩ ግቢ በር ውጭ፣ በዚያ ሁሉ ፀሐይ ላይ ቆመው ነበር። ማንም ይግቡ አላላቸውም፤ እኔም አላልኳቸው። ሳልፍ «እግዜር ያጽናሽ፣ ልጄ» ብለው ብቻ ቀና ብለው አዩኝ። እንዳላየ ሰው አለፍኩ።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ለንስሐ አባቴ ደረቴን እየመታሁ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስገጂ፣ ጹሚ ይሉኛል ብዬ ነበር። እሳቸው እቴ!

«ሃይማኖቷን ጠበቅሽላት እንጂ ምን አጠፋሽ? እግዜር ይስጥሽ» አሉና መረቁኝ።

እንዴት እንደተናደድኩ! ቅጣት ፍለጋ ሄጄ ምርቃት ተሸክሜ ተመለስኩ። ከስድብ የባሰ የሚያቃጥል ምርቃት ያኔ አየሁ።

ጦርነቱ ካርቱምን ሲያተራምስ አባ ለሰው ሁሉ አውቶቡስ ሲያፈላልጉ ሰነበቱ። ለእኔም ወደ ገዳሪፍ በሚሄደው ላይ ቦታ አገኙልኝ። እርስዎስ ብላቸው «እዚህ ካርቱም ከአልጋ የማይነሱ ሁለት በሽተኞች አሉ። እነሱን ጥዬ የት እሄዳለሁ?» አሉኝ። ሾፌሩ «ያላ! ያላ!» እያለ ይጮኻል። በመስኮቱ እጃቸውን ለቀም አደረግሁ።

«አባ፣ ያን ቀን ዋሽቼዎታለሁ።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«ምኑን ነው የሚያውቁት?»

«መኪናሽ ዝም ሲል ድምፅዋን እሰማ ነበር። ስትጠይቅሽም፣ አልመጡም ስትያትም።»

«ታዲያ ለምን በሩን አላንኳኩም? ለምን አልገቡም?» ብዬ ጮኽኩባቸው። ጥፋቱ የኔ ሆኖ የምጮኸው እኔ!

«ብገባ ቀብር ትከለከላለች ብዬ ፈራሁ። አንቺ የፈራሽውን እኔም ፈራሁ» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ስንቱ በር ላይ ተቀምጫለሁ። ያፈርኩት በዚያኛው ብቻ ነው። አንቺን ይቅር ብዬሻለሁ፤ አንቺም ይቅር በይኝ።»

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ይቅር ብዬዎታለሁ ማለቴን ይስሙ አይስሙ አላውቅም። ወራት ቆይቶ እዚያው ካርቱም ማረፋቸውን ሰማሁ፤ የስኳር መድኃኒት ጠፍቶ ነው አሉኝ።

ገዳሪፍ ሌላ የእግር መኪና ገዝቼ እሰፋለሁ። ክር ሲያልቅብኝና ባዶውን ሲሄድ ድምፁ ይለያል፤ ያኔ እግሬን ከመርገጫው ላይ አነሳለሁ። አባ ይቅር ብለውኛል። ሌላው ሁሉ አመስግኖኛል። እሷ ግን ያን የቆየ ነገሯን እንደያዘች፣ አባ አልመጡልኝም ብላ ነው የሞተችው።