ቺንጋው ከእሷ ጋር ነው

ለቅሶ ቤት የመጣው ሰው ሁሉ የልብስ ሰፊዋን ፊት እያየ ሲያለቅስ፣ ከኮቷ ኪስ ብቅ ያለውን ጥቁር የጎማ ጫፍ ልብ ያለው አልነበረም። አክስቷ ግን አየች።

«የኔ ልጅ፣ የአባትሽ ቀበቶ ነው?» አለችና ጫፉን ስባ ሳመችው።

ልብስ ሰፊዋ ምን ትበል? ቀበቶ አይደለም። የስፌት መኪናዋ ቺንጋ ነው፤ ሞተሩ መኪናውን የሚያዞርበት። እሱ ከሌለ መኪናው ያው ብረት ነው።

ጥፋቱ የቆጣሪው ነው። ሠራተኞቹ ቆጣሪው የሚሉት የምትሠራበትን የልብስ ፋብሪካ አለቃ ነው፤ ሽንት ቤት የገባችን ሴት በር ላይ ቆሞ ደቂቃ ይቆጥርባታል። እንዲህ ያለው ሰው የአባቷ መርዶ የመጣ ዕለት ድምፁን አለስልሶ፣ «እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ሦስት ቀን ሕግ የሰጠሽ ነው፤ ደሞዝሽም አይነካም። ሂጂ፣ ስለ ሥራው አታስቢ» አላት።

አታስቢ! ይህን ስትሰማ እንባዋ ራሱ ቀጥ አለ። ባልደረባዋ ኮሌታ ሰፊዋም እናቷን ልትቀብር ስትሄድ አታስቢ ተብላ ነበር። ስትመለስ ወንበሯ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣ አገኘች፤ ይኸው እስከ ዛሬ ክር ስትለቅም ትውላለች። ስለዚህ ልብስ ሰፊዋ ቆጣሪው ዞር እስኪል ጠብቃ፣ የመኪናዋን ክዳን በመቀስ ጫፍ ፈታች፤ ቺንጋውን ኪሷ ከትታ ክዳኑን መልሳ አሰረችው። የሰው ልብ ይገርማል፤ አንዱ ጓዳው አባቱን ሲያለቅስ ሌላው ወንበሩን ይጠብቃል።

በማግስቱ ቆጣሪው ሠራተኞቹን አስከትሎ ለቅሶ መጣ። አጠገቧ ተቀመጠ። ጫማውን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«እኔ የምልሽ... የመኪናሽን ቺንጋ ሰው ሰርቆት ይሆን?»

እጇን ወደ ኪሷ ሰደደች።

«አልተሰረቀም፤ እኔ ጋ ነው።»

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«እርስዎስ እንደሌለ በምን አወቁ? ከክዳን ሥር ያለ ነገር! መኪናዬን ማን ሊያስነሳው ነበር?»

ኮሌታ ሰፊዋ ከወዲያ ማዶ አፏን በመሀረብ ያዘች። «በይ እንግዲህ፣ ይህንንም ይቁጠርልን!» አለች አጠገቧ ላለችው፣ ሹክ ያለች መስሏት።

ቆጣሪው ወደ ሠራተኞቹ ሰረቅ አድርጎ አየ። «ሥራ ተቆለለብን... ለሁለት ቀን ብቻ ሰው ላስቀምጥበት ነው እኮ።»

«የኮሌታ ሰፊዋም ለሁለት ቀን ብቻ ነበር።»

«ቦታሽማ ያንቺው ነው።»

«ጮክ ብለው ይበሉልኝ።»

አክስቷ እንኳ ለቅሶዋን አቋረጠች። ቆጣሪው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስትመለስ እዚያው መኪናዋ ላይ ትቀመጣለች» አለ፣ ሁሉም እየሰማ። ከዚያ ቀስ ብሎ እጁን ዘረጋ። «ቺንጋውንስ?»

አመነችው? የዘረጋውን እጅ አየች፣ ፊቱን አየች።

«አብሮኝ ይመለሳል» አለችና ተነሳች። ጀርባዋን ሰጥታው አባቷ ታሞ ተኝቶበት ወደነበረው ክፍል ሄደች፤ ጥቁሩ ጫፍ በየእርምጃዋ ከኪሷ ይወዛወዛል።