ስለ ዶሮ የሰጠሁት ቃል

በንጉሡ ዘመን ፖሊሶች ከተማሪዎች ሰልፍ ላይ አፍሰው በጭነት መኪና ኮልፌ እስር ቤት ሲያወርዱን፣ መጀመሪያ ያየሁት የክፍሉን እርጥብ የሲሚንቶ ወለል ነው። አሥራ አንድ ሰው ተቀምጦበታል። ባዶ የነበረችው ቦታ ደግሞ ከአንድ ከማውቀው ሰው አጠገብ ነበረች። ዕድሌ!

እሱ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ነው። እኔ ያመለከትኩበትን የትምህርት ዕድል አግኝቶ ሁለት ዓመት ለንደን ኖሮ በቅርቡ ተመልሷል። ውጤቱ ከእኔ አይበልጥም፤ እሱ ግን ሰው ነበረው።

ለምሳ ከውሃ በቀለም ብቻ የሚለይ ሽሮ ቀረበልን። እሱ ወሬውን ጀመረ።

«ለንደን ሳለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ቻይናዎች ምግብ ቤት ነበር የምበላው። ዶሮዋን ከትፈው ከደረቅ በርበሬ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከኦቾሎኒ ጋር እሳት ላይ ያገላብጧታል። ስኳርም ጣል ያደርጉባታል። ታቃጥላለች ስልህ!»

«ስኳር በዶሮ? እግዚኦ!» አሉ አንድ አዛውንት እስረኛ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ምራቄን ዋጥኩ። ቀናሁበት።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው መቶ አለቃ አስጠራኝና ወረቀትና ብዕር ገፋ አደረገልኝ።

«ጓደኛህ ለንደን ሳለ ቻይናዎች ዘንድ ይመላለስ ነበር አሉ። ነግሮሃል?»

«ነግሮኛል፣ ጌታዬ።»

«እሱኑ ጻፍና ፈርም። ዛሬውኑ እናትህ ቤት ትገባለህ።»

ውሸት አልጠየቀኝም። «ቅዳሜ ቅዳሜ ቻይናዎች ዘንድ ይሄድ ነበር» ብዬ ጻፍኩና ብዕሩን አቆምኩ። እሱን ኮሚኒስት ለማሰኘት ያቺው ትበቃለች። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ።

ቀና ስል መቶ አለቃው እንደ ወገኑ ፈገግ አለልኝ። ያን ጊዜ አፈርኩ። አጎንብሼ ገጹ እስኪሞላ ጻፍኩ፦ ዶሮዋ እንዴት እንደምትከተፍ፣ በርበሬው እንዴት እንደሚጠበስ፣ ስኳሩ መቼ እንደሚገባ። ያላወቅኩትን ከእናቴ ማድቤት ሞላሁበት። ፈረምኩ።

እስከ መጨረሻው አነበበው።

«አንተ፣ ወጥ ቤት ነህ?»

«አይደለሁም፣ ጌታዬ። የነገረኝ ይኼንኑ ነው።»

ወረቀቱን ቀደደው። እኔም ወደ ሲሚንቶዬ ተመለስኩና ስለ ዶሮዋ የጻፍኩትን ለጓደኛዬ ነገርኩት።

እሱ በሳምንቱ ዘመዱ ዋስ ሆኖት ወጣ። እኔ ሁለት ወር ጨመርኩ።

ይኸው አርጅተናል። ዘነበወርቅ አካባቢ ስንገናኝ አቅፎ ይስመኛል፤ ለልጆቹም «ይኼ ሰው አልሸጠኝም» ይላቸዋል። ብዕሩን ያቆምኩባትን ቅጽበት አያውቃትም። ዛሬም የምቀናበት እሷን ሳያውቅ፣ በንጹሕ ልብ ስለሚያቅፈኝ ነው።