የሲስተር ቀስ ሐሙስ

ሐኪሞቹ «ሲስተር ቀስ» ይሏታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መርፌ በያዘች ቁጥር «ቀስ፣ ቀስ» ስትል ስለሰሟት ነው። ስሙን ያወጡላት ለማላገጥ ቢሆንም፣ ተወጊው ስሙን ሲሰማ ልቡ ይረጋ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ሆስፒታሉ የሥራ መደቧን አጠፈና በጊዜያዊ ነርሶች ተካው። ጊዜያዊ ነርስ የሚጠራው በስልክ ነው። ታዲያ ሰው ደውሎ «እባክሽ ድረሽልን» የሚል እንዳይመስላችሁ፤ አፕ ነው። «ሐሙስ፣ ኩላሊት እጥበት ክፍል፣ አንድ ነርስ» ብሎ ብልጭ ይላል፤ ቀድሞ የነካ ይወስዳል። ቀስ ማለትን ሙያዋ ያደረገች ሴት በሃምሳ ዓመቷ የአውራ ጣት እሽቅድምድም ገባች። ወይ ጉድ!

ገባችበት እንጂ ምን ታድርግ። ሁለት ወር ሙሉ የሐሙስን ተራ ማንንም አላስነካችም። የምትሻማው ለአንድ በሽተኛ ስትል ነው፤ ጡረታ የወጣ ልብስ ሰፊ። ለእጥበቱ የተዘጋጀው ደም ሥሩ ከክርኑ በላይ ድንገት ወደ ውስጥ ይታጠፋል። የማያውቅ ሰው ቀጥ አድርጎ ከወጋው መርፌው በሌላው ጎኑ ይበሳዋል። አንዴ እንዲያ ሆኖ ክንዱ ሁለት ሳምንት አብጦ፣ ጠቁሮ ከረመ፤ ሐኪሙም «ከእንግዲህ ከተበሳ አለቀለት፣ ሌላኛው ክንድ እንደሆነ አይሆንም» ብሏል። ሰኞ ሰኞ የክፍሉ ኃላፊ ራሷ ትወጋዋለች፤ ሐሙስ ግን አፑ የላከው ነው የሚደርሰው። ሲስተር ቀስ ነገሩን በመዝገቡ ጽፋው ነበር። የድሮው መዝገብ ግን ለጊዜያዊ ሠራተኛ አይከፈትም።

«ሐሙስ አንቺ ነሽ አይደል?» ይላታል ሰውየው ሁልጊዜ።

«እኔው ነኝ፣ ጋሼ።»

በዚያ ሳምንት ከአፑ አዲስ መልእክት መጣ። ከመጪው ሐሙስ ጀምሮ በሽተኛው እጥበቱን ሲጨርስ «ይቺው ትመለስ» የሚል ቁልፍ ይነካል፤ የተመረጠችው ነርስ የዚያን ቀን ተራ በየሳምንቱ ከሁሉ ቀድማ ታገኛለች። ሲስተር ቀስ ደስ አላት። ይቺን ሐሙስ ብቻ ከያዘች ሽሚያው ቀረላት ማለት ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጥሪው ብልጭ አለ። ቀኑ ልክ መሆኑን አነበበች። አንብባ ስትጨርስ ተራው ተወስዷል። ወዲያው ከጓዳ የእህቷ ልጅ ድምፅ ተሰማ፤ ነርስነት ተመርቃ ገና አንድ ወሯ ነው፣ አብራት ትኖራለች።

«አክስትዬ! አገኘሁ! አንቺ እንዳልሽኝ ሳላነብ ነካሁት!»

እውነቷን ነው። «አንብቤ ካልሽ ተበላሽ፤ መጀመሪያ ንኪ» ብላ ያስተማረቻት ራሷ ናት። ልጅቷ የየትኛው ክፍል ጥሪ እንደሆነ ስታይ ክው አለች። «ልሰርዘው?» አለች። አዲስ ነርስ ተራ ከሰረዘች አፑ አንድ ወር ያግዳታል። «ምን በወጣሽ፣ ሂጂ» አለቻት አክስቷ። ስለ ክንዱ ግን አልነገረቻትም። ረስታው አይደለም።

ሐሙስ ጠዋት ልጅቷ ወጣች። ሲስተር ቀስ አንዱን ብርጭቆ ሦስቴ አጠበችው። ካቃታት ለእኔ ይደውላሉ፣ ብላ አሰበች። ይህን ያሰበችው ራሷ መሆኗን ስታውቅ በራሷ አፈረች፤ በሰው ክንድ ልትነግድ! እጇን ሳታደርቅ ለልጅቷ ደወለች።

«ልብስ ሰፊው ጋ ስትደርሺ ክንዱን ወደ ውስጥ አዙሪው። ሥሩ ከክርኑ በላይ ይታጠፋል፣ በጣትሽ ሳታገኚው እንዳትወጊ። ስለ ኮት አሰፋፍ ጠይቂው፤ ሲያወራ ክንዱ ይለቃል። ቀስ በይ፣ እሺ?»

«እሺ፣ አክስትዬ።»

ልጅቷ ማታ ላይ ፊቷ በርቶ ተመለሰች።

«አመመው?» አለች ሲስተር ቀስ ገና ከበሩ።

«ኧረ መቼ እንደገባም አላወቀ! አንዴ ብቻ ነው የወጋሁት።»

«እኔን ጠየቀ?»

«ገና ሲያየኝ የት ሄደች አለኝ፣ ፊቱን አዞረብኝ። ሲጨርስ ግን...» ልጅቷ ሳቀች። «'እጅሽ የእሷው እጅ ነው፤ እሷን ከእንግዲህ አታድክሟት፣ አንቺው ነይ' ብሎ ቁልፉን ነካልኝ።»

«እሰይ» አለች ሲስተር ቀስ። ደስ ብሏታል፤ ክንዱ ተርፏል። ከደስታው ሥር ግን አንድ ነገር ሲቆረጥ ተሰማት፤ ያ ሰው የሚጠብቃት መስሏት ነበር። ለካ የጠበቀው የማያምመውን መርፌ ነው። አልፈረደችበትም፤ ግን አመማት።

ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ አጠገቧ ተቀመጠችና ማስታወሻ ደብተር አወጣች።

«አክስትዬ፣ የሌሎቹን የሐሙስ በሽተኞች ክንድም ታውቂዋለሽ አይደል? የስድስቱንም?»

ሲስተር ቀስ ደብተሩን ወደ ብርሃኑ አስጠጋችላት።

«ጻፊ» አለች። «መስኮቱ ጋ ካለችው እንጀምር። ግራ እጇን እንዳትነኪባት።»