ግሌንዳ ሰልፍ የለቀቀችበት ሰኞ

ግሌንዳ ታፕሴል ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ተራ አስከባሪ ነበረች። የታክሲ እንዳይመስላችሁ፤ የምሳ ነው። እንግሊዝ አገር፣ ጊሊንግሃም ከተማ ውስጥ፣ ከወንዙ በላይ ባለው የእኛ ትምህርት ቤት፣ አራት መቶ ልጅ ሳህኑን ይዞ በአንድ መስመር ይቆማል። የመስመሩ አዛዥ እሷ ነበረች። እኔ ደግሞ ከመስመሩ ጫፍ ቆሜ የተፈጨ ድንች እጨልፋለሁ። ስሜ ትርሲት ነው፤ እሷ ግን በመጀመሪያው ቀን «ትሪሽ» አለችኝና ትሪሽ ሆኜ ቀረሁ። በእኛ ወግ ቢሆን በዕድሜ ስለምትበልጠኝ አንቱ ልላት ይገባ ነበር። ግን አብረው ድስት ሲፍቁ ያረጁ ሴቶች አንቱ አይባባሉም።

ግሌንዳ ዘንድ ሰልፍ መቅደም ትልቅ ነውር ነው። ለሌላ ሰው ቦታ መያዝም ያው ነው። «ጓደኛዬ መጸዳጃ ቤት ሄዳ ነው፣ ቦታዋን ይዤላት ነው» የምትል ልጅ ከነጓደኛዋ ወደ ኋላ ትሸኛለች። አንድ ቀን ርእሰ መምህሩ ስብሰባ አለብኝ ብለው ከፊት ገብተው ሳህን ዘረጉ። ግሌንዳ ቀና ብላ አየቻቸውና «ጌታዬ፣ ጅራቱ እዚያ ጋ ነው» ብላ በጣቷ አሳየቻቸው። ሰውየው ጆሯቸው እስኪቀላ ድረስ ከቆሙ በኋላ፣ ሄደው ከአንደኛ ክፍል ሕፃናት ጀርባ ተሰለፉ። በሰፈራችን ሰልፍ የማይወድ ሰው የለም፤ ግሌንዳ ግን እንደ ሃይማኖት ይዛው ነበር።

ይህች ሴት አንዲት እህት አለቻት። አይሪስ ትባላለች፤ በአራት ዓመት ታንሳታለች። እናታቸው ታመው በተኙበት ዓመት፣ ቅዳሜና እሑድን በተራ ሊያስታምሙ ተስማሙ፤ አንዱን ሳምንት ግሌንዳ፣ አንዱን ሳምንት አይሪስ። እናትየዋ ያረፉት በአይሪስ ሳምንት ነው። አይሪስ ግን አልመጣችም። ስልክም አላነሳችም። ግሌንዳ ራሷ ሮጣ ደርሳ እጃቸውን ይዛ ሸኘቻቸው። ከቀብር መልስ፣ ሰዉ ሻይና ሳንድዊች ይዞ በቆመበት አዳራሽ ውስጥ፣ በዚያ አራት መቶ ልጅ በሚያሰልፈው ድምፅዋ «ተራሽ ነበር!» አለቻት። ሌላ ቃል አልጨመረችም። አይሪስ ስኒዋን አስቀምጣ ወጣች። በዓመቱ አንድ ፈረንሳዊ የቧንቧ ሠራተኛ አግብታ ፈረንሳይ አገር ሊል ከተማ ገባች። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንዷ ላንዷ አልጻፈችም።

ነገሩን ባነሳሁባት ቁጥር ግሌንዳ መልሷ አንድ ነው። «ይቅርታ የመጠየቅ ተራው የሷ ነው።»

«ተራ ተራ ስትሉ መቃብር ይቀድማችኋል» እላታለሁ።

«መቃብርም በተራው ነው» ብላ ትስቃለች። ሳቋ ግን ደስ አይልም ነበር።

በመጋቢት መጀመሪያ አንድ ካርድ መጣ። ግሌንዳ ኩሽናዬ ድረስ ይዛው መጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። «የዛሬ ወር፣ የሚያዝያ የመጀመሪያው ሰኞ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ከቴአትር ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ቡና ቤት ውስጥ እቀመጣለሁ። ስምንት ሲል እነሳለሁ። ካልመጣሽ ገባኝ፤ ሁለተኛ አልጽፍም። አይሪስ።»

«እና?» አልኳት።

«እና ምን? ፀደይ ነው፤ ሰው ሽርሽር ይወጣል። ሁለት የባቡር ትኬት ቆርጫለሁ። አንድ ሌሊት እናድራለን።»

«እህትሽን ልታገኚ ነው አትይም?»

«ካገኘኋት አገኘኋት። ዝናብ ልብስሽን እንዳትረሺ።»

ካርዱን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ስታወጣው ስትከተው፣ መንገድ በገባንበት ቀን እጥፋቱ ላይ ተቀዶ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ለንደን ላይ ባቡሩን ተሳፈርን። ግሌንዳ ያቺን ቀይ የዝናብ ካፖርቷን ለብሳለች። ጃንጥላ አትይዝም፤ ሰልፍ ላይ የሰው ዓይን ይወጋል ባይ ናት። የእንቁላል ሳንድዊች፣ አንድ ፔርሙዝ ሻይ፣ ለክፉ ቀን ደግሞ አሥራ ሁለት የሻይ ከረጢት ይዛለች። «ሰባት ሰዓት ካለች ሰባት ሰዓት እገኛለሁ። እኔ አርፍጄ አውቃለሁ?» አለችኝ።

«አታውቂም።»

«በቃ።» ሳንድዊቿን ግን አልነካችም። ከባሕሩ ሥር ካለው የባቡር ዋሻ ወጥተን ፈረንሳይ ስንገባ መስኮቱ በዝናብ ታጠበ። «ይኸው፣ የራሳችንን ዝናብ ይዘንላቸው መጣን» አለች።

ሊል ስንደርስ አምስት ሰዓት ተኩል ነበር። ሻንጣችንን ማረፊያችን ጥለን ስንወጣ ግሌንዳ ባዶ እጄን አልሄድም አለች። አይሪስ በልጅነቷ ሲያስኮርፏት ጣፋጭ ካላየች አትታረቅም ነበር። የማረፊያችን እንግዳ ተቀባይ ልጅ፣ ዋፍል የሚሉት የዚያ አገር ጣፋጭ ቂጣ ስስ ሆኖ በመሀሉ ቫኒላ የተቀባ እንደሆነ፣ በትልቁ አደባባይ ማዕዘን አንድ ጎበዝ ቤት እንዳለ ነግራን ነበር። አደባባዩ ጋ ስንደርስ ዝናቡ ወረደ። ከሱቁ በር ጀምሮ፣ ግድግዳውን ታክኮ፣ ጠባቧ የመስታወት ጥላ ሥር ሰው አንድ በአንድ ተደርድሯል።

የግሌንዳ ፊት ፈካ። «አየሽ? ጥሩ ነገር ያለበት ቤት በሰልፉ ይታወቃል።» ከስድስት ሰዎች ጀርባ ቆምን። ስድስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ይቀረው ነበር።

ይህን ሳወራ ሰው ሁሉ «ለምን አልጠየቃችሁም?» ይለኛል። እናንተዬ፣ ጊሊንግሃም ሰልፍ አይጠየቅም፤ ይያዛል። ሰው ተደርድሮ ካየህ ትሰለፋለህ፤ የምን እንደሆነ ተራህ ሲደርስ ታውቃለህ። እኔም ሠላሳ ዓመት እዚያ ኖሬ በሽታው ተጋብቶብኛል። ብቻችንን እንዳልሆንን ደግሞ ወዲያው ታየ፤ ከእኛው እንግሊዝ፣ ከሊድስ የመጡ ባልና ሚስት ከኋላችን ትንፍሽ ሳይሉ ገጠሙ። ከነሱ ኋላም ሌሎች መጡ።

መሀል ላይ አንዲት ውሻ የያዘች ፈረንሳዊት ከዝናቡ ሮጣ ከፊታችን ገባች። ግሌንዳ የምታውቀው የፈረንሳይኛ ቃል አንድ ነው፤ ለይቅርታም ለቁጣም ይሠራላታል። «ፓርዶን!» አለችና ጣቷን ወደ ጅራቱ ቀሰረች። ሴትየዋ ግሌንዳን አየች፣ ሰማዩን አየች፣ ውሻዋን አየች፤ ከዚያ ትከሻዋን ሰብቃ ወደ ኋላ ሄደች።

ሩብ ሰዓት አለፈ። ሰልፉ ንቅንቅ አላለም። ከፊት ያለው ሰውዬ ረጅም ዳቦ በብብቱ ሸጉጦ በሩን ተደግፎ ቆሟል።

«ለምሳ ዘግተው ይሆናል፤ ይከፍታሉ» አለች ግሌንዳ።

ለሰባት ሩብ ሲቀረው እኔ መቆም አቃተኝ። «ተይው ዋፍሉን። እህትሽ ትጠብቅሻለች።»

«ስድስት ሰው ነው የቀረን።»

«ከመጣን ጀምሮ ስድስት ነው!»

«ባዶ እጄን አልሄድም አልኩሽ፣ ትሪሽ።»

ለሰባት አምስት ጉዳይ እንደገና ጎተትኳት። በሌላ እጇ ያን የተቀደደ ካርድ ጨብጣ ይዛ ነበር። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ርእሰ መምህር ያሰለፈችው ሴት ፈርታ ነበር። ሰልፍ ውስጥ እስከቆመች ድረስ ማንም ምንም አይላትም። ከዚያ ከወጣች ቡና ቤት ገብታ፣ ወንበር ስባ፣ እህቷን ፊት ለፊት ማየት አለባት።

«አንድ ጊዜ ልቁጠር» አለች። ስትጨነቅ ልማዷ ነው፤ ወደ ኋላ ዞራ ራስ ትቆጥራለች። «ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ...» አሥራ ዘጠኝ ላይ ድምፅዋ ጠፋ።

የሰልፉ መጨረሻ፣ ከጥላው ውጪ፣ ሰማያዊ ካፖርት የለበሰች ባለሽበት ሴት በዝናብ ርሳ ቆማለች። ጸጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። ወደ እኛ ታያለች፤ አትነቃነቅም።

«አይሪስ ናት» አለች ግሌንዳ በሹክሹክታ።

«ታዲያ ጥሪያት እንጂ!»

«ወደ ፊት? ይህ ሁሉ ሰው እየጠበቀ?» ዓይኗ ከእኔ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ እህቷ ይመላለሳል። የሊድሶቹ ባልና ሚስት ጆሯቸውን አቁመዋል። እህቷን ከፊት ብታስገባት ዕድሜዋን ሙሉ ስትከለክል የኖረችውን አደረገች ማለት ነው። ካልጠራቻት ደግሞ ሰዓቱ እየሄደ ነው።

በረዥሙ ተነፈሰችና «እንውጣ» አለች።

«እኔ ቦታውን ልያዝልሽ?»

«ቦታ አይያዝም!»

እናም ወጣች። አብሬያት በሠራሁበት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ግሌንዳ የያዘችውን ተራ ስትለቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ቀይ ካፖርቷ እየተንጠባጠበ፣ ያን ሁሉ ሰው አልፋ፣ ሄዳ ከአይሪስ ጀርባ ተሰለፈች። እኔም እያጉረመረምኩ ከጀርባዋ ቆምኩ። አይሪስ አልዞረችም። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ቆሙ፤ እኔ የማየው ማጅራታቸውን ብቻ ነው።

«ወፍረሻል» አለች ግሌንዳ።

«አንቺ ደግሞ አጥረሻል።»

«ዝናብ ነው ያሳጠረኝ።»

የአይሪስ ትከሻ በሳቅ ተነቃነቀ። ወዲያው ግን ቆመ። «ያን ቅዳሜ» አለች፣ «ካፖርቴን ለብሼ፣ ቁልፌን ይዤ፣ በሬ ሥር ቁጭ ብዬ ዋልኩ። ስልኩ ሲጮህ እሰማው ነበር። እማዬ ስትሞት ማየት ፈራሁ፣ ግሌንዳ።»

ግሌንዳ አንገቷን ደፋች።

«እኔም ፈርቼ ነበር» አለች። «ቅር ያለኝ ብቻዬን መፍራቴ ነው። ግን እንደዚያ ሰው ፊት መጮህ አልነበረብኝም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይቅርታው ካንቺ ይጀምር ስል ቆየሁ። እኔ ልጀምር። ይቅር በይኝ፣ እህቴ።»

አይሪስ እጇን ወደ ኋላ ሰደደች፤ ግሌንዳ ያዘቻት። እኔ እንባዬን በዝናቡ አሳብቤ ጠረግሁ።

ወዲያው ዝናቡ አቆመ። ባለ ዳቦው ሰውዬ መዳፉን ዘርግቶ ሰማዩን አየና መንገዱን ቀጠለ። ቀጥሎ ሁለተኛው ሄደ፣ ሦስተኛው ሄደ። ባለ ውሻዋም በአጠገባችን ስታልፍ ግሌንዳን በግርምት አየቻት። የሊድስ ሰዎች ብቻ ትንሽ ቆዩ፤ እነሱም ኋላ አፍረው ተበተኑ። ባዶው በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ነበር።

«ምን ይላል?» አለች ግሌንዳ።

«ሰኞ ዝግ ነው ይላል» አለች አይሪስ። «ሁልጊዜም ሰኞ ዝግ ነው። ሰዉ ዝናብ ተጠልሎ ነው የቆመው።»

ግሌንዳ አፏን ከፍታ ቀረች። «ታውቂ ነበር?»

«አሥር ዓመት ኖሬ ሳላውቅ ቀርቼ? ወደ ቡና ቤቱ ስሄድ ቀይ ካፖርትሽን ከሩቅ አየሁ።»

«ታዲያ መጥተሽ አትነግሪኝም? ለምን ዝናብ ላይ ተሰለፍሽ?»

አይሪስ አሁን ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል። «ከፊት ብመጣብሽ ደግሞ ቀደመች ትይኛለሽ ብዬ ነው። በዚህ እንኳ ተራዬን ልጠብቅልሽ ብዬ።»

ግሌንዳ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች መለየት አልቻልኩም፤ ሁለቱም ይመስለኛል። አይሪስ አቀፈቻት፣ ውኃቸው እኔ ላይ እስኪፈናጠቅ ድረስ።

ሰባት ከሩብ ላይ ቡና ቤቱ ደረስን። እንደ ልማዷ ከፊት ከፊት የምትራመደው ግሌንዳ ነበረች። እጀታውን ይዛ በሩን ከፈተች፣ ግን አልገባችም። ወደ ጎን ሸሸት ብላ እህቷን ጠበቀቻት።

«ቅደሚ» አለቻት።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬያት ስሠራ ያን ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም ነበር።